አዲስ ቤት በአባቶች ወግ

ሰው ቤት የሚሠራው ከዝናብና ከብርድ ለመጠለል ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ሆነም ቤቱ ለመንገደኛ ይናገርለታል። ይህን አስበን ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያሉትን እንጅባራንና ዳንግላን ስንመለከት አንድ ነገር ያሳስበናል። የአዊ ደጋ የቀርከሃ አገር ነው። ገበሬው በቀርከሃ ያጥራል፣ ቤት ይሠራል፣ ቅርጫትና ቀፎ ያበጃል። የከተማው አዲስ ቤት ግን ወደ ብሎኬትና መስተዋት አዘንብሏል፤ የባህል ቤት የሚባለውም ብዙውን ጊዜ በሆቴል ግቢ እንግዳ የሚስተናገድበት ክብ ጎጆ ነው።

ይህ ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ የየአካባቢው ባለሥልጣኖች ጥንታዊ ገጽታ ያላቸውን መንደሮችና ሰፈሮች ለይተው እንዲጠብቁ አደረገ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዶርቼስተር ከተማ ዳር ፓውንድበሪ የተባለ አዲስ ሰፈር በጥንቱ ስልት መሠራት ተጀመረ። ገሚሱ ሰው አመሰገነ፤ ገሚሱም መልክን ብቻ መቅዳት ነው ሲል ነቀፈ።

በእኛ አስተያየት ወግ የሚኖረው በመልክ ሳይሆን በዕለት ኑሮ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ሕያው የሆነው ፈረሱ በየቤቱ ስለሚቀለብ ነው፤ የሥዕል ፈረስ አይጋለብም። ቤትም እንዲሁ ነው።

ቀርከሃ ይነቅዛል፣ ይበሰብሳል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው። ይኸውም ሦስት ዓመት ያልሞላውን አለመቁረጥ፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ግድግዳውን በድንጋይ መሠረት ከመሬት ከፍ ማድረግና ጣራውን ከግድግዳው አሳልፎ ማውጣት ነው። ቆርቆሮንም አንነቅፍም፤ የሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ያሻዋል፣ እሳትም ያሰጋዋል። ግድግዳው የአገር ከሆነ ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ወግ አይፈርስም።

እናንተ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምትማሩና በየማዘጋጃ ቤቱ የምታገለግሉ ወጣቶች ሆይ! ሕንፃው ሁሉ ቀርከሃ ይሁን አንልም። አንድ የትምህርት ቤት ክፍል፣ አንድ የጤና ጣቢያ ማረፊያ በአገሩ ባለሙያ እጅ ይሠራ፤ ዋጋውና ዕድሜውም ከብሎኬቱ ጋር ይመዛዘን። ባለሙያው ሙያውን ሳያወርስ ካለፈ ግን ቅርጹን እንቀዳ እንደ ሆነ ነው እንጂ ቤቱን መልሰን አናገኘውም።