መቀበል አያሳፍርም፣ መጣል ነው የሚያሳፍረው

ወገን፣ ስለ ብራና መጻሕፍቶቻችን ፖስት በወጣ ቁጥር ኮሜንቱ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ «ከማንም ያልተቀዳ፣ ንጹሕ የኛ!» ይላል። ሌላው «ከባዕድ የተኮረጀ» ብሎ ያጣጥላል። ለእኔ ሁለቱም ስተዋል።

ከአባ ገሪማ ወንጌሎች እንጀምር (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አድዋ አጠገብ ባለው ገዳም የሚገኙት እነዚህ መጻሕፍት ኦክስፎርድ ላይ በካርቦን ሲመረመሩ ከ390 እስከ 660 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። አየርላንዶች የሚኮሩበት የኬልስ መጽሐፍ የመጣው በ800 ገደማ ነው። ግን የገሪማ ቅስቶችና ዓምዶች ከሶርያና ከቢዛንታይን ሥዕል ጋር ዝምድና አላቸው። ታዲያ ምን ይጠበስ? አክሱም በቀይ ባሕር ከዓለም ጋር ትነግድ ነበር፤ ከዕቃው ጋር ጥበብም ገባ።

በኋላም ሮም ውስጥ በ1590 በዐረብኛ የታተመ ወንጌል እዚህ ደርሶ ለጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ሞዴል ሆኗል። ሥዕሎቹ ጥቁርና ነጭ ነበሩ፤ የኛዎቹ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሰጧቸው፣ ዓይናቸውን አገዘፉት፣ አበሻ አደረጓቸው። የሐረር ቁርዓኖችም ላይ የግብፅና የህንድ እጅ ይታያል፣ ግን ያው የሐረር ናቸው። እዚሁ ጅማ ዙሪያ ሼኾች ቤት በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ አለ። ፊደሉ ከውጭ ስለመጣ ቋንቋው የኛ መሆኑ ቀረ?

እኛ የአጋሮ ልጆች ይሄ ሊከብደን አይገባም። ቡናችን ባሕር ተሻግሮ የመን ገባ፣ ሞካ ተብሎ በየመን ወደብ ስም ዓለምን ዞረ። ለዓለም የሰጠ ሕዝብ ከዓለም መቀበል ለምን ያሳፍረዋል?

የሚያሳፍረው ሌላ ነው። በ1868 እንግሊዞች ከመቅደላ ዘርፈው የወሰዱት 350 ገደማ የብራና መጽሐፍ ዛሬ ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው ያለው። ይመለስ እንላለን፣ ልክ ነው። ግን እዚሁ በእጃችን ያለው ቅጠል ቅጠሉ እየተገነጠለ ለቱሪስት ሲሸጥ ማን ጮኸ? የፍየል ቆዳ ነክሮ፣ ወጥሮ፣ ፍቆ ብራና የሚያወጣ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም በጥብጦ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊ ስንት ቀረ?

ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍቶቻችን በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው ሚኒሶታ ገብቷል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እዚያው ተቀምጠው ብዙዎቹን መዝግበዋቸዋል። እሳቸው ባሕር ማዶ ሆነው የሠሩትን እኛ እዚህ ሆነን መቀጠል ያቅተናል?

ዲግሪ ይዘን ጀበና ቡና ጋ የምንውል ብዙ ነን። ስልክ አለን፣ ግዕዝ የተማረ ዲያቆን ጓደኛ አለን፣ ኪታብ የሚያነብ የደረሳ ጓደኛ አለን። ባለቤቱን አስፈቅደን፣ መጽሐፉን ከቦታው ሳናነሣ ፎቶ እናንሣ፣ እንመዝግብ። የባህል ቢሮዎችም ለዚህ ሥራ ተመራቂ ይቅጠሩ። አጋሮና ጅማ ያላችሁ፣ ለመጀመር ዝግጁ የሆናችሁ፣ ከታች ስማችሁን ጻፉ።