እበቱ ለምድጃ ወይስ ለጎመን?

ልጄን ይዤ ሉማሜ እናቴ ዘንድ ከገባሁ ወዲህ ከእሷ ጋር የማያልቅ ክርክር አለን፤ የላሟ እበት። እሷ ኩበት ጠፍጥፋ ታደርቀዋለች፣ እኔ ለጓሮው አትክልት እፈልገዋለሁ።

«ጎመኑንስ በምን ልትቀቅይው ነው?» ትለኛለች። መልስ የለኝም። እኛ ዘንድ እንጨት ውድ ነው። «ፍግ ጨምሩ» የሚሉን ምክር ሰጪዎችም ምድጃው በምን እንደሚነድ አይነግሩንም።

አምና በግትርነቴ አሸነፍኩ። ትኩሱን እበት ወስጄ ጎመንና ካሮት ያለበት መደብ ላይ ደፋሁት። በሳምንቱ የጎመኑ ችግኝ ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። የባሰው ግን፣ የሰባት ዓመት ልጄ ከዚያው መደብ ካሮት ነቅሎ፣ በልብሱ ጠርጎ ሲበላ አገኘሁት። ሦስት ቀን አስቀመጠው። ከካሮቱ ይሁን ከሌላ አላወቅሁም። እናቴ ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ከቁጣ ባሰብኝ።

ትኩስ እበት ሥር ከማቃጠሉም በላይ የተቅማጥ ጀርም ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ ደንብ የሚበላው ክፍል አፈር ለሚነካ አትክልት ጥሬ ፍግ ከተጨመረ ቢያንስ 120 ቀን ሳይሞላ ምርቱ እንዳይሰበሰብ የሚያዘው ለዚሁ ነው።

ዘንድሮ ታርቀናል። እበቱ ለኩበት፣ የጋጣው ጥራጊ ለእኔ። የከብት ሽንት የጠጣው ጭድ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። ከሥር ስንዝር ያህል ደረቅ ገለባ፣ በላዩ የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና ፍሬ ያልያዘ አረም፣ ከዚያ የጋጣ ጥራጊ፣ ከዚያ ስስ አፈር እያልኩ እደረድራለሁ። በእጅ ሲጨመቅ ርሶ የማይንጠባጠብ ከሆነ ውኃው በቂ ነው። በየሦስት ሳምንቱ አገላብጠዋለሁ።

ልጄም ሥራ አለው። መሐሉ ላይ የተሰካውን እንጨት መዝዞ ይዳስሳል። ከሞቀ እየበሰበሰ ነው፤ ቀዝቅዞ ከደረቀ ውኃ ያመጣል። በእኛ ብርድ ሦስት አራት ወር ይፈጃል። ጠቁሮ፣ ዝናብ የነካው አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ካሮቱ ሳይታጠብ አይበላም!

የኩበቱ አመድም አይጣልም። ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ቢሄድም ፖታሹ ይቀራል። በጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ስለሆነ፣ በስሱ የተበተነ አመድ ለጎመንና ለሽንኩርት ይስማማል። ድንች መደብ ላይ ግን አላደርገውም፤ ልጣጩን ለሚያሻክረው በሽታ ያመቻል።

ወላጆችና አያቶች፣ ጓሮ ለመጀመር ማገዶ መንጠቅ አያስፈልግም፤ ተጠርጎ የሚደፋው ይበቃል። ትዕግሥት ብቻ ይጨመርበት።

ትናንት ቡና ከተጠጣ በኋላ እናቴ ጀበናዋን አጋብታ አተላውን በጣሳ አስቀመጠችልኝ። «እንኪ፣ ለክምርሽ» አለችኝ።