«ስንት አለን?» ከማለታችን በፊት



በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ሲሰማ ከዶርም እስከ ካፌ የተነሳው ጥያቄ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚል ነበር። ተማሪው ሰነፈ፣ መምህሩ አልበቃም፣ ፈተናው ከበደ ተባለ። አንድ ጥያቄ ግን ከማንም አልሰማሁም፦ ተማሪን ለዚህ ፈተና የሚያበቃ ትምህርት ቤት ስንት ብር ይፈልጋል?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር የያዙ አሉ። በአሜሪካ የዋዮሚንግ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 የትምህርት ገንዘብ አከፋፈሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ያዘዘው ቅደም ተከተልም ግልጽ ነበር፦ መጀመሪያ እያንዳንዱ ልጅ ማግኘት የሚገባው ትምህርት ይወሰን፤ ቀጥሎ ዋጋው ይጠና፤ ከዚያ ገንዘቡ ይመደብ። ዋጋውን ለማጥናት የተቀጠሩት አማካሪዎች የግዛቲቱን መምህራንና የትምህርት አመራሮች ሰብስበው ጠየቁ። ለአንድ ትምህርት ቤት ስንት መምህር፣ በክፍል ስንት ተማሪ፣ ምን ያህል መጽሐፍና ቁሳቁስ ያስፈልጋል? መልሱ ተደምሮ ወደ ገንዘብ ተቀየረ። ይህ ዘዴ በኋላ በሌሎች ግዛቶችም ተሠርቶበታል።

ተቃዋሚ አላጣም። የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ኤሪክ ሃኑሼክ «ከኪሱ የማይከፍል ሰው ምኞቱን ይዘረዝራል» የሚል መንፈስ ያለው ትችት ሲያቀርብ ቆይቷል። ትችቱ የሚናቅ አይደለም። በኒውዮርክ ከተማ ክርክር ፍርድ ቤት የሾማቸው ገምጋሚዎች በዓመት 5.63 ቢሊዮን ዶላር ተጨማሪ ያስፈልጋል ሲሉ፣ የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2006 በሌላ ስሌት የተገኘውን 1.93 ቢሊዮን በዝቅተኛ መጠንነት ተቀበለ። ከተማው አንድ፣ ልጆቹም እነዚያው፤ ቁጥሩ ግን የሦስት እጥፍ ያህል ይራራቃል።

ታዲያ ባለሙያን መጠየቅ ይቅር? እኔ አይቅር ባይ ነኝ። የዓምናውን በጀት ወስዶ ጥቂት መጨመርም እኮ ግምት ነው፤ ልዩነቱ ማንም ምክንያቱን አለመጻፉ ነው። የባለሙያ ግምት ቢያንስ ሊመረመር ይችላል። «ለምን 30 መምህር? ለምን 25 አይሆንም?» ተብሎ ይጠየቅበታል።

ግን ሥርዓት ይኑረው። ግቡ አስቀድሞ ይጻፍ። ሁለት ቡድኖች ሳይገናኙ ይገምቱና ውጤታቸው ይነጻጸር። እያንዳንዱ ወጪ ምክንያቱ አብሮ ይስፈር። ከጠያቂዎቹ መካከል የከተማው ርዕሰ መምህር ብቻ ሳይሆን፣ መብራት በሌለበት ገጠር የሚያስተምረውም፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ያላት መምህርትም ይቀመጡ። ሹራ ማለት የሚያውቀውን መጠየቅ ነው፤ የሚስማማንን ብቻ መጥራት አይደለም።

ጉዳዩ ከእኛም ሩቅ አይደለም። ለሪሜዲያል ተማሪዎች የምንሰጠውን የጥናት ድጋፍ ስናቅድ ሁልጊዜ የምንጀምረው «ስንት አለን?» ብለን ነው። ያለውን እናካፍላለን፤ ሲያልቅ እናቆማለን። ዘንድሮ አንድ ምሽት ያስጠኑትንና የተጠኑትን አስቀምጠን «አንድ ተማሪ እንዲያልፍ ስንት ሰዓት፣ ስንት አስጠኚ፣ ስንት ወረቀት ያስፈልጋል?» ብለን እንጠይቅ። ያለን ገንዘብ ላይበቃ ይችላል። ግን የጎደለውን በቁጥር ካወቅን ለምነን እንሞላዋለን፤ ካላወቅን ግን ባለን ልክ የተማሪውን ተስፋ እየቆረጥን እንኖራለን።

ነገ ከመካከላችን መምህር፣ የወረዳ ትምህርት ባለሙያ፣ የፋይናንስ ሠራተኛ የሚሆን አለ። «ስንት ያስፈልጋል?» ተብሎ ሲጠየቅ ሳያጋንንም ሳይፈራም መመለስ አማና ነው። ልምምዱን እዚሁ እንጀምር፣ ኢንሻአላህ።