የኒኖ 28 ዓመታት

ትብሊሲን ቁልቁል በሚያየው በምታጽሚንዳ ተራራ ወገብ ላይ፣ በቅዱስ ዳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀብረዋል። ባልየው ሩሲያዊው ጸሐፌ ተውኔትና ዲፕሎማት አሌክሳንደር ግሪቦዬዶቭ፣ ሚስቲቱ ደግሞ የጆርጂያው ልዑልና ባለቅኔ የአሌክሳንደር ቻቭቻቫዜ ልጅ ኒኖ ናት። ታሪኳ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ሐዘኗ ብቻ ነው። ይህ ግን ሴቲቱን ያሳንሳታል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1828 በጽዮን ካቴድራል ሲጋቡ ኒኖ 16 ዓመት አልሞላትም፤ እሱ ከ30 አልፎታል። በልጅነቷ ፒያኖ ያስተማራት እሱ ነበር። (ዛሬ ቢሆን ሠርጉ ሳይሆን ክሱ በተወራ ነበር።) በዚያው ዓመት በቱርክሜንቻይ የተፈረመውና ፋርስን ለሩሲያ ከባድ ካሳ ያስከፈለው ውል የእሱም እጅ ነበረበትና፣ በፋርስ የሩሲያ ሚኒስትር ሆኖ ሲሾም የሚጠብቀው ጥላቻ ነበር። ነፍሰ ጡር ሚስቱን ታብሪዝ ትቶ ቴህራን ገባ። ከፋርስ ንጉሥ ከሻሁ ቤት ያመለጠ አርመናዊ ጃንደረባና ከአንድ ሹም ቤት የወጡ አርመናውያን ሴቶች ኤምባሲው ተጠለሉ፤ እሱም አሳልፌ አልሰጥም አለ። የካቲት 1829 የተቆጣ ሕዝብ ግቢውን ሰብሮ ገብቶ ገደለው። አስከሬኑ የተለየው ቀድሞ በሽጉጥ ፍልሚያ በቆሰለች እጁ ነው።

ሻሁ ይቅርታ እንዲጠይቅ የልጅ ልጁን ወደ ፒተርስበርግ ላከ፤ ለዛሩ የተበረከተው ታላቅ አልማዝ ዛሬም ክሬምሊን ውስጥ አለ። ብዙዎቻችን በቅድመ አያቱ በኩል የእኛ ነው የምንለው ባለቅኔው ፑሽኪንም የግሪቦዬዶቭን አስከሬን የጫነውን ጋሪ መንገድ ላይ እንዳገኘ ጽፏል፤ እውነት ስለመሆኑ ግን የሚጠራጠሩ ተመራማሪዎች አሉ።

ኒኖ መርዶውን ዘግይታ ሰማች። ያለጊዜው የተወለደው ልጇ ከሰዓታት በላይ አልቆየም።

ትዳሩ ስድስት ወር እንኳ አልሞላም። ከዚያ በኋላ ግን 28 ዓመት ኖራለች፤ ተራኪዎች እነዚህን ዓመታት በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፏቸዋል። ባለቅኔው ግሪጎል ኦርቤሊያኒን ጨምሮ ብዙዎች ቢመኟትም ሁለተኛ አላገባችም። በእኔ ግምት እምቢታዋ ለሟቹ የተከፈለ ግብር ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን የመሳፍንት ልጅ ከአባት እጅ ወደ ባል እጅ በምትተላለፍበት አገር፣ የተከበረች መበለት የራሷን መንገድ የመምረጥ ዕድል ነበራት። ኒኖም ተጠቅማበታለች። እህቷ ኤካተሪኔ የሚንግሬሊያ ገዥ ባሏ በ1853 ሲሞት አስተዳደሩን ስትረከብ፣ በክራይሚያ ጦርነት ወቅትም የኦቶማን ጦር አገሯን ሲወር፣ ኒኖ የቅርብ አጋዥዋ ነበረች።

በ1857 ትብሊሲ ኮሌራ ገባ። መሸሽ ትችል ነበር፤ የታመሙ ዘመዶቿን ልታስታምም ቀረችና በ44 ዓመቷ በዚያው በሽታ ሞተች። ባሏ መቃብር ላይ ያስቀረጸችውን የሐዘን ጽሑፍ ታሪኳን የሚያወሩ ሁሉ ያነሱታል፤ ለዚህ የመጨረሻ ውሳኔዋ ግን ከጥቂት መስመር በላይ የሰጠ ብዙ ሰው የለም።