ስለ ሕመምና ሞት በጭውውት እንነጋገር



የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት አጎቴ በጠና ታመመ። ሆስፒታል ይዤው የሄድኩት እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ወደ ኮሪደር ጠርቶ ውጤቱን ነገረኝ። የጉበት ካንሰር ነው፤ ተሰራጭቷል። ቤት ያሉት ታላላቆቼ በስልክ «እንዳትነግረው፣ ይደነግጣል» አሉኝ። ወደ አልጋው ስመለስ አጎቴ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ጨጓራ ነው አለ» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ቤታችን ውስጥ ሁላችንም ተዋናይ ሆንን። ጠያቂ ሲመጣ በር ላይ «የበሽታውን ስም እንዳታነሱ» እንላለን፤ ፊቱ እንስቃለን፤ ጓዳ ገብተን እናለቅሳለን። አጎቴ የእህል ነጋዴ ነበር። ከቀብሩ በኋላ ሦስት ሰዎች «እሱ ዘንድ ገንዘብ ነበረኝ» ብለው መጡ። ሁለቱ ወረቀት ስላላቸው ተከፈላቸው። ሦስተኛው ሽማግሌ ግን ወረቀትም ምስክርም አልነበራቸውም። ልጆቹ «ይከፈል» እና «አይከፈል» በሚል ተለያዩ፤ እስከ ዛሬም አልታረቁም። ሚስቱ በኋላ የነገረችን ደግሞ ከሁሉም ከበደኝ። አጎቴ ያውቅ ነበር። «ልጆቹ እንዳይጨነቁ እንዳወቅኩ አትንገሪያቸው» ብሏት ነበር። ወሲያ ቢናገር ማወቁን ስለሚያውቁበት ዝም አለ። እኛ ለእሱ ስንተውን እሱም ለእኛ ይተውን ነበር።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ግን በሽታውን ከራሱ ከበሽተኛው ደበቅን።

እኛ ሞትን የማናነሳ ሰዎች አይደለንም። ጁሙዓ ኹጥባ ላይ እንሰማለን፤ ዳዕዋ ላይ እናለቅሳለን። ነገር ግን ስለ ሞት መስማትና በጠና ከታመመ ሰው ጋር ስለ ሞቱ መነጋገር ይለያያሉ። መድረሳ ስማር የጀናዛ አስተጣጠብን፣ ከፈንን፣ ሶላቱን ተማርኩ። መንግሥት ትምህርት ቤት ስለ ጉበት ሥራ ተማርኩ። «ሐኪሙ ምን አለ?» ለሚል ሰው ምን እንደሚመለስ ግን የትም አልተለማመድኩም።

ምሳሌው ግን ከእኛው ዘንድ አለ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በመሰናበቻው ሐጅ ወቅት መካ ውስጥ በጠና ታመሙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው ሄዱ። ሰዕድ ሕመማቸው የደረሰበትን ሳይደብቁ ተናገሩ፤ ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ እንደሆነች ገልጸው ከሀብታቸው ሁለት ሦስተኛውን ሰደቃ ማድረግ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። አይሆንም ተባሉ። ግማሹንስ ቢሉ አሁንም አይሆንም ተባሉ። በመጨረሻ ሲሶው ተፈቀደላቸው፤ እሱም ብዙ እንደሆነ ተነገራቸው። ስለ ሀብት፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ሞት በሕመም አልጋ ላይ በግልጽ ተነጋገሩ። ሰዕድ በዚያ ሕመም አልሞቱም። ከዓመታት በኋላ በቃዲሲያ የሙስሊሞችን ጦር መሩ። ስለ ሞት መነጋገር ሞትን አያፋጥንም።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። በየዓመቱ በመሰናበቻ ፕሮግራማችን ላይ ጭውውት እናቀርባለን፤ ስቀን እንበተናለን። ዘንድሮ አንዱን ለዚህ ጉዳይ እናውለው። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ የታመመ አባት፣ እናት፣ የተማረ ልጅና ሐኪም ይኑሩበት። አባት «ሐኪሙ ምን አለ?» ሲል ጭውውቱ ይቁም። አስተባባሪው ወደ እኛ ዞሮ «በልጁ ቦታ ማን ይቀመጣል?» ይበል። አንዱ ወጥቶ ይሞክር፤ ሌላው ያርመው። ብራዚላዊው የቴአትር ሰው አውጉስቶ ቦአል ይህን አሠራር «ፎረም ቴአትር» ብሎት ነበር፤ ተመልካቹ ራሱ መድረክ ላይ ወጥቶ የታሪኩን አቅጣጫ ይቀይራል። በአገራችንም ኤች አይ ቪ በሹክሹክታ በሚጠራበት ዘመን የትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበባት በድራማ ጉዳዩን አደባባይ አውጥተውታል።

እኛ የምህንድስና ተማሪዎች የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላብራቶሪ ውስጥ በማሽን እስኪሰበር ተጭነን እንፈትሻለን። ናሙናው እዚያ የሚሰበረው ሕንፃው ሰው ላይ እንዳይፈርስ ነው። ከባዱን ቃልም መጀመሪያ መድረክ ላይ ብንሳሳትበት ይሻላል።

«ትወና ይፈቀዳል ወይ?» የሚል ወንድም ይኖራል። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ጽሑፉን ለኡስታዞቻችን አስቀድመን እናሳይ። ነቢያት፣ ሶሐቦችና መላእክት አይወከሉ፤ የቀብር ቅጣትን ለማሳየትም አንሞክር። ሙዚቃ አያስፈልግም፤ እህቶችም የራሳቸውን መድረክ ያዘጋጁ። ከጭውውቱ በኋላ አንድ ኡስታዝ ስለ ወሲያና ስለ ዕዳ ያስረዱን፤ ከጤና ሳይንስ ተማሪዎቻችን አንዱ ደግሞ ሕመምተኛ መጀመሪያ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ እንዴት እንደሚጠየቅ ያሳየን። ማወቅ የማይፈልግም ይኖራልና።

«ተስፋ ማስቆረጥ ነው» ለሚሉም መልስ አለኝ። ሐኪም የሚናገረው ስለ በሽታ ነው፤ አጀል በአላህ እጅ ነው። እውነቱን ያወቀ ሰው ሕክምናውንም ዱዓውንም አይተውም። ዕዳውን ይናገራል፤ የተጣላውን ያስጠራል፤ ዐውፍ ይባባላል። አጎቴ ይህን ዕድል አላገኘም፤ የከለከልነው ደግሞ የምንወደው እኛ ነን።

ከእኛ መካከል በዚህ ክረምት ቤቱ ሲገባ የታመመ አባት ወይም እናት የሚጠብቀው አለ። ቤተሰቡ ወረቀቱን የሚሰጠው፣ እንግሊዝኛ ያነባል ብሎ፣ ለእሱ ነው። በዚያች ሰዓት አፉ ላይ «ጨጓራ ነው» ከሚለው የተሻለ ቃል እንዲኖረው እንርዳው። ለመጻፍም ሆነ ለመተወን ዝግጁ የሆናችሁ ከመግሪብ በኋላ አግኙኝ፤ የልጁን ቦታ ግን ለሌላ ሰው ስጡት።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ያሽርልን፤ የሞቱብንን ይማርልን። ወሏሁ አዕለም።