የወሩ ፓኬጅ ለማን ይበጃል?

«ቅድመ ክፍያ» የሚለው ቃል ከቴሌ ማስታወቂያ ውጭ በሰው አፍ ብዙም አይሰማም። እኛ የምናውቀው ካርድ መሙላትን ነው። ውል የለም፣ በወሩ መጨረሻ የሚመጣ የክፍያ ደረሰኝ የለም። ከፍለን እናወራለን፣ ሲያልቅ ዝም እንላለን። አብዛኛው የአገራችን ሰው ስልክ የሚጠቀመው በዚህ መንገድ ስለሆነ፣ የቤተሰቡ ጥያቄ የቀን ልግዛ፣ የሳምንት ወይስ የወር የሚለው ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። በመካነ ሰላም ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ግን አንዲት እናት አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ካለ ልጇ ጋር የምትገናኝበት ገመድ ይኸው ነውና በዚህ ዓምድ ላነሳው ወደድኩ።

የሱቁ ልጅ ሁልጊዜ የወሩን ይመክራል። «ሲሰላ ይረክሳል» ይላል፤ አልዋሸም። ሲሰላ ይረክሳል። ግን የሚሰላው ደቂቃው ሁሉ ይወራበታል ተብሎ ነው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለሂሳቡ ያህል ብቻ የራሴን ቁጥር ልውሰድ። 100 ደቂቃ የያዘ የወር ፓኬጅ በ60 ብር ተገዛ እንበል፤ ደቂቃው 60 ሳንቲም ነው። 30 ደቂቃ ብቻ ተወርቶ ወሩ ቢያልቅስ? ደቂቃው 2 ብር ሆነ ማለት ነው። 20 ደቂቃ ያለው የሳምንት ፓኬጅ 15 ብር ቢሆንና ተሟጦ ቢወራበት ግን ደቂቃው 75 ሳንቲም ነው። በወረቀት ላይ ውድ የነበረው በተግባር ረከሰ።

ከተማ ውስጥ ለምንኖር ይህ ልዩነት ብዙም አይታየንም፤ ስልካችን ቀኑን ሙሉ በርቶ ይውላልና ደቂቃው አይተርፈንም። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ግን ሌላ ነው። ከደሴ ተነስቶ በጉጉፍቱና በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ሜዳው ተዘርግቶ ተዘርግቶ ድንገት ወደ ዓባይ ገባሮች ገደል ይወርዳል። የስልክ ሞገድ ደግሞ ተራራን አቋርጦ አያልፍም፤ ማማው ከሚታይበት ቦታ ካልሆነ ይደክማል። ስለዚህ ደጋው ጫፍ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ስልክ፣ ግማሽ ሰዓት ወደ ቆላው ሲወረድ እንደ ድንጋይ ዝም ይላል። ሰው ጉብታ ላይ ወጥቶ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ሲፈልግ ማየት እዚያ አዲስ ነገር አይደለም።

አክስቴ የምትኖረው ከመካነ ሰላም ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ርቃ ነው። ቤቷ መብራት የለም። ባለ ቁልፍ ስልኳን የምትሞላው ገበያ ስትወጣ ሱቅ ውስጥ ከፍላ ነው፤ ባትሪው እንዳያልቅባት ሌላውን ቀን አጥፍታ ታስቀምጠዋለች። ባለፈው ዓመት «እትዬ፣ የወር ፓኬጅ ልግዛልሽ ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አብሽር ልጄ፣ እኔ ወር ሙሉ ምን አወራለሁ?» አለችኝ። «የሚታረም አለ፣ የሚታጨድ አለ። ገበያ ወጥቼ ስደውል መሀል ላይ ካልተቆረጠብኝ ይበቃኛል።»

ከሱቁ ልጅ ይልቅ እሷ በትክክል አስልታዋለች። ለእንዲህ ያለው ሰው የሚበጀው በገበያ ቀን ጠዋት የሚገዛ የቀን ፓኬጅ ነው፤ ቢበዛ የሳምንት። አንድ ነገር ብቻ አጣሩ፦ «የቀን» የተባለው ከተገዛበት ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት ነው ወይስ እስከ እኩለ ሌሊት ብቻ? ማታ የተገዛ የቀን ፓኬጅ ብዙ ሰው ያስቆጨው በዚህ ነው።

መካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚማር ልጅ ያላቸው ወላጆች ግን ሂሳባቸው ይለያል። ተማሪ ኔትወርክ ባለበት ይውላል፣ ያድራል። ለእሱ የወር የዳታ ፓኬጅ ያዋጣል፤ ንባብና ቪዲዮ የሚያወርድ ከሆነ ደግሞ የሌሊቱ ፓኬጅ ረከስ ይላል። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ከመስጠት በየሳምንቱ መግዛትን የሚመርጡ ወላጆችም አይቻለሁ። እነሱን አልወቅስም፤ ፓኬጁን ማን በስንት ቀን እንደሚጨርሰው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ኩባንያ መምረጥም ዛሬ የኛው ሥራ ሆኗል። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አማራጩ አንድ ነበር፤ ኢትዮ ቴሌኮም ታሪፍ ሲቀንስም፣ ለምሳሌ በነሐሴ 2010 የድምፅ ጥሪን 40 በመቶ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን 43 በመቶ ሲያወርድ፣ የምናወዳድረው ከራሱ ከትናንቱ ጋር ነበር። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ከድሬዳዋ ጀምሮ፣ በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በ09 ከሚጀምረው ቁጥር ጎን የ07 መጣ። ሁለት ሲም የሚወስድ ቀፎ ያለው ሁለቱንም ይዞ ይዞራል። ለገጠር ቤተሰብ ግን ከዋጋ በፊት የሚቀድመው «ደጃችን ድረስ ይመጣል ወይ?» የሚለው ነው። ማስታወቂያ ይህን አይመልስም። የሚመልሰው የጎረቤት ስልክ ነው፤ ተውሳችሁ ከጓሮ፣ ከእርሻው፣ ከውኃው መንገድ ላይ ደውላችሁ ሞክሩ። ፓኬጁ ወደ ሌላው ኩባንያ ቁጥር ያስደውል እንደሆነም ሳትጠይቁ አትግዙ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት መገባደጃ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ከሳዑዲ ልጆቻቸውን በኢሞ ያዩ የነበሩ እናቶች ወደ ተራ ጥሪ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡን ሁሉ በዳታ ብቻ አገናኛለሁ የሚል ሰው ሳይ ጥቂት የድምፅ ደቂቃም ያዝ እላለሁ።

ከፓኬጅ ይልቅ ብዙ ሰው የሚረሳው ዋናውን ሂሳብ ነው። ፓኬጁ ሲያልቅ ጥሪው በመደበኛው ታሪፍ ከዋናው ሂሳብ መቆረጥ ይጀምራል፤ ዘመናዊ ስልክ ላይ ዳታው በርቶ ከተረሳ ደግሞ ማንም ሳይነካው ሂሳቡ ያልቃል። ሌሊት ምጥ የመጣባት፣ ከብት የጠፋበት፣ ሰው የታመመበት ቤት የሚፈልገው የዳታ ፓኬጅ አይደለም፤ አንድ ጥሪ የምታስደውል ጥቂት ብር ነው። በኢትዮ ቴሌኮም *804# ብሎ ማየት ይቻላል። እኔ ለዘመዶቼ የምለው ዳታውን ሥራ ሲያበቃ አጥፉ፣ ዋናው ሂሳብ ላይ ያለችውን ብር ደግሞ እንደ ዘር እህል ቆጥራችሁ አትንኳት ነው። ስልኩ ኔትወርክ በደከመበት ቦታ 4ጂ ሲፈልግ ባትሪ ስለሚጨርስ፣ ለጥሪ ብቻ ከሆነ በ2ጂ ላይ ማድረጉም ይረዳል፤ ቻርጅ ለማድረግ ሁለት ሰዓት ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ከተማ ያለን ልጆች የምንችለው አንድ ነገር አለ። *999# ብሎ ፓኬጅ ገዝቶ በስጦታ መላክ። ነገር ግን ስጦታው መድረሱ የሚነገረው በጽሑፍ መልእክት ነው፤ አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። ፓኬጅ መጥቶላት ሳታውቅ ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ የምልከው በገበያ ቀን ጠዋት፣ ስልኳን ሱቅ ቻርጅ ላይ በምታደርግበት ሰዓት ነው። ከዚያ ደውዬ «እትዬ፣ 20 ደቂቃ አለሽ፤ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ነው» እላታለሁ። እሷም መጀመሪያ ጅዳ ላለችው ልጇ ሚስኮል ታደርግና፣ ደቂቃውን ለአዲስ አበባዎቹ ታካፍለዋለች።