ለቡ ምን የሚታይ አለ? ሠዓሊውን ጠይቁት

«ለቡ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አለ?»

ይህ አባባል ጥያቄ ይምሰል እንጂ ፍርድ ነው። በአብዛኛው አዲስ አበቤ ግምት የሚታየው ሁሉ ያለው መሀል ከተማ ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ መስቀል አደባባይ። ለቡ፣ ጀሞና ላፍቶ ሰው ማታ ገብቶ የሚያድርባቸው፣ ጠዋት ታክሲ ተሰልፎ የሚወጣባቸው ሰፈሮች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ቦሌ ተቀብሎ፣ እንጦጦ አውጥቶ፣ አንድነት ፓርክ አስገብቶ፣ ማታ ባህል ምግብ ቤት እስክስታ አሳይቶ መሸኘት «አዲስ አበባን ማስጎብኘት» ይባላል። የደቡቡ የከተማ ክፍል ከነሕዝቡ በዚህ ጉብኝት ውስጥ የለም።

ስህተት ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ችግሩ ገንዘብና ቦታ የሚመደበውም በዚሁ ፍርድ መሆኑ ነው። የሚታይ የለውም የተባለ ሰፈር ማሳያ ቤት አይሠራለትም፤ ማሳያ ቤት የሌለው ሰፈር ደግሞ የሚታይ እንደሌለው ይቆጠራል። ከዚህ አዙሪት መውጫው ሠዓሊዎች ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ጋለሪ እና ሠዓሊ እየመራ የሚያስኬደው የከተማ ጉብኝት ነው። ሁለቱም እንደ ትምህርት ቤትና እንደ ቤተ መጻሕፍት የሕዝብ አገልግሎት ተብለው ሊያዙ ይገባል። ዛሬ የሚያዙት ግን ኪራይ እስከ ከፈሉ ድረስ እንደሚታገሡት ሱቅ ነው።

አንድ መንገድ፣ ብዙ ታሪክ

ማስረጃ ለሚፈልግ ከለቡ ተነስቶ በመካኒሳ በኩል ወደ አሮጌው ኤርፖርት የሚወስደው መንገድ ይበቃል።

መነሻው ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ነው። የከተማዋ የባቡር በር ለረጅም ዘመን ለገሃር ነበር፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሲመረቅ ለድሬዳዋና ለጅቡቲ መንገደኛ የሚሳፈርበት በር ወደ ለቡ መጣ። የከተማ በር ከመሀል ወደ ዳር ሲሄድ ሰፈሩ ምን ይሆናል? ጫኙ፣ ሻዩን የምታፈላው፣ ባጃጅ ነጂው በሩን ተከትለው መጡ ወይስ ቀሩ? የተለመደው አስጎብኚ የሕንፃውን ዓመተ ምሕረት ነግሮ ያልፋል። ሠዓሊ ግን ጎብኚውን እዚያው አቁሞ፣ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ፣ የሚያየውን እንዲነድፍ ሊያደርገው ይችላል። ሰው የነደፈውን ነገር «የሚታይ የለውም» ማለት ይከብደዋል።

ወረድ ሲባል የጀሞ ኮንዶሚኒየም ይመጣል። እዚያ ዕጣ የወጣለት አለ፤ መሀል ከተማ መንደሩ ሲፈርስ ምትክ የተሰጠውም አለ። ዕድሩን፣ ጉርብትናውን፣ የቡና ሰዓቱን ይዞ አራተኛ ፎቅ ላይ እንደገና ኑሮ የጀመረ ሕዝብ ነው። የአዲስ አበባን የሃያ ዓመት ለውጥ ሊያይ የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ ደረጃዎችና በረንዳዎች የተሻለ ኤግዚቢሽን አያገኝም። የሚጎድለው አይቶ የሚያሳይ ሰው ነው።

ከዚያ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ እና የአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ መስከረም አሰግድ ዞማን የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አድርገው የመሠረቱት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሙዚየሙ የተከፈተው በ2011 ዓ.ም.። ግድግዳዎቹ ከጭቃና ከጭድ ተሠርተው በእጅ የተቀረጹ ናቸው። በአዲስ አበባ «ጭቃ ቤት» ማለት የሚፈርስ፣ የሚያሳፍር፣ ከመንገድ ዳር መነሳት ያለበት ማለት ነው። ዞማ ያንኑ ጭቃ ወስዶ ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣለት ቤት አደረገው። ኤልያስ ከመርካቶ በሚሰበሰብ የኮምፒውተርና የስልክ ፍርስራሽ፣ በሽቦና በሰሌዳ የሚሠራቸው ትላልቅ ሥራዎችም በአሜሪካ ሙዚየሞች ታይተዋል። አንድ ሠዓሊ ጭቃንና ቁርጥራጭ ብረትን እንዲህ ማየት ከቻለ ለቡን እንዴት እንደሚያይ መገመት አይከብድም።

መድረሻው አሮጌው ኤርፖርት፣ ቪላ አልፋ ነው። የአፍሪካ አዳራሽን ባለቀለም መስታወት የሠሩት የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ይህን ቤት ራሳቸው ነድፈው መኖሪያም፣ መሥሪያም፣ ማሳያም አደረጉት። ጎብኚ ሲመጣ ሠዓሊው ራሳቸው እየመሩ ከክፍል ክፍል ያስጎበኙ ነበር። ስለዚህ በሠዓሊ የሚመራ ጉብኝት ከፈረንጅ የተቀዳ ፋሽን ነው የሚል ካለ ታሪኩን ዘንግቷል። አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. አረፉ። ከዚያ በኋላ የቪላ አልፋ በር ለሕዝብ ለዓመታት ተዘጋ። የአንድ ሰው ትጋት ያቆመውን ቤት የሚረከብ አሠራር አልተዘጋጀም ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

ቪላ አልፋ ብቻ ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። ወጣት ሠዓሊዎች በፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ መናፈሻ ውስጥ ያቋቋሙት ነፃ አርት መንደር ብዙዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን ያሳዩበት ቦታ ነበር፤ ዛሬ የለም። ካዛንቺስ ውስጥ ተወዛዋዡ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤትነት ወደ ባህል ማዕከልነት ያሳደገው ፈንዲቃ ሙዚቃና ውዝዋዜ ብቻ ሳይሆን የሥዕል ኤግዚቢሽንም የሚታይበት ቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም አብሮ ፈረሰ። ከፈረሰ በኋላ ስንቱ አለቀሰ፣ ስንቱ ፎቶ ለጠፈ! ከመፍረሱ በፊት ግን ቤቱን በቅርስነት ወይም በባህል ተቋምነት የሚጠብቅ አንድ ወረቀት እንኳ በጊዜው አልተገኘም።

ምጸቱ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ የራሷን ድንኳን ለመጀመሪያ ጊዜ የከፈተችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው፤ የተስፋዬ ኡርጌሳ ሥዕሎች ቀርበው አገር ኮራ። በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት መገባደጃ ላይ ፈንዲቃ ፈረሰ። ቬኒስ ላይ ጥበብ የአገር ገጽታ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የቦታ ጥያቄ ነው። ገጽታው የሚበቅለው ግን ከዚሁ ቦታ ነው። የቬኒስ ሠዓሊ ከሰማይ አይወርድም፤ አንድ ሰፈር ውስጥ፣ አንድ ጋለሪ ውስጥ፣ የመጀመሪያ ሥዕሉን ምስማር ላይ ሰቅሎ ነው የሚጀምረው።

«መንግሥት ሙዚየም እየሠራ አይደለም ወይ?»

እየሠራ ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የሳይንስ ሙዚየም፣ አንድነት ፓርክ፤ ሁሉም ጎብኚ አላቸው፣ ይኑራቸውም። የመንግሥት ሙዚየም ግን መንግሥት ሊነግር የፈለገውን ታሪክ ይነግራል፤ ሥራው ነው። ትናንት የተፈናቀለችውን ጎረቤት፣ የለቡን አቧራ፣ የጀሞን የውኃ ጄሪካን ሰልፍ የሚያሳይ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን አይተካም።

«ሕዝቡ ዳቦ ሳይጠግብ ሥዕል ምን ያደርግለታል?» የሚለው ሁለተኛው መከራከሪያ ነው። ይህን የሚለው ብዙ ጊዜ ዳቦ የራበው ሰው አይደለም፤ ስለ ራበው ሰው የሚናገር ሌላ ሰው ነው። ደግሞስ ጉብኝት ሰው በእግሩ እየሄደ የሚያወጣው ገንዘብ ነው። ከአንድነት ፓርክ በቀጥታ ወደ ሆቴሉ የተመለሰ እንግዳ ለቡ ላይ አንድ ማኪያቶ አይጠጣም። ሠዓሊ ይዞት በሰፈሩ የዞረ ግን ቡና ይጠጣል፣ ቆሎ ይገዛል፣ ባጃጅ ይሳፈራል።

ከሌላ አገር ምሳሌ የሚፈልግ ቺካጎን ይመልከት። ሊፈርስ የነበረን የድሮ ባንክ ሕንፃ ከተማው ለሠዓሊው ቴአስተር ጌትስ በ1 ዶላር ሸጠለት። ሠዓሊው አድሶ በ2015 እ.ኤ.አ. ማሳያና ቤተ መጻሕፍት አድርጎ ከፈተው። ሰፈሩ ከከተማው ደቡብ፣ ማንም «ምን የሚታይ አለ?» የሚለው ሰፈር ነበር።

ሠዓሊዎቹም አይምለጡ

ጥፋቱን ሁሉ በአስተዳደሩ ላይ መድፋት ቀላል ነው፤ እውነቱን ግን ግማሽ ያደርገዋል። ስንቱ ኤግዚቢሽን ነው መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ የሚለጠፈው? ስንቱ መክፈቻ ነው የኤምባሲ ሰዎችና የሠዓሊው ጓደኞች ወይን ጠጥተው የሚበተኑበት? ከጋለሪው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ሰው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያውቅ ዓመት ይሞላዋል። በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛው አይከለክልም፤ ግን ማንም ግቡ አላለም።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይባላል። ሠዓሊው ሰፈሩን ለውጭ እንግዳ ብቻ የሚያስጎበኝ ከሆነ ሰርዶውን በሰው በሬ እያሳረሰ ነው። ጉብኝቱ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ቅዳሜና እሑድ፣ የሰፈሩ ሰው በሚችለው ዋጋ ወይም በነፃ ሊካሄድ ይገባል። የመጀመሪያው ጎብኚ ከጎን ያለው ትምህርት ቤት ተማሪ ይሁን።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ አስተዳደሩ በሠዓሊዎች ለሚተዳደሩ ማሳያዎች ቢያንስ የአሥር ዓመት የኪራይ ዋስትና ይስጥ። በየኮንዶሚኒየሙ ምድር ቤት ተዘግተው የሚውሉ የንግድ ቤቶች ካሉ ከእነሱ ይጀመር። በየወሩ «ውጣ» ሊባል የሚችል ሰው የዓመት ዕቅድ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ ቦታ ለልማት ሲፈለግ እንዲህ ያለ ቤት ምትክ ሳያገኝ አይፍረስ። ምትኩም እዚያው አካባቢ ይሁን፤ ጋለሪ ከሰፈሩ ሲነቀል ሕንፃው ብቻ አይደለም የሚጠፋው፤ ተመልካቹም ይበተናል።

ሦስተኛ፣ የክፍለ ከተማው ትምህርት ቤቶች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተማሪዎቻቸውን በሠዓሊ በሚመራ ጉብኝት ያሰማሩ። ከለቡ እስከ አሮጌው ኤርፖርት ያለው መንገድ ሚኒባስ ብቻ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ ሠዓሊ ቤቱንና ሥራውን ለሕዝብ ትቶ ሲያልፍ በሩን ማን እንደሚከፍት በሕይወት ሳለ ይወሰን። የቪላ አልፋ ዓይነት ዝምታ ሁለተኛ መደገም የለበትም።

ይህ ሁሉ ካልሆነ የሚሆነው የታወቀ ነው። ለቡም ነገ ይለወጣል፤ ዛሬ የቆሙት ቤቶች ይፈርሳሉ፣ ሌሎች ይቆማሉ። ያኔ «ድሮ ለቡ ምን ይመስል ነበር?» የሚል ልጅ ይመጣል። መልስ የሚያገኘው አሁን አይቶ የሳለ፣ ሰው ይዞ የዞረ፣ በሩን ከፍቶ የጠበቀ ሠዓሊ ካለ ብቻ ነው።